ያረጀው መኪና ክረምቱን እንዲሻገር

የግብርና ሥራ ወቅት አለው፤ ወቅቱ ካለፈ ደግሞ በጀት አይመልሰውም። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከዝናቡ ቀድመው ጣቢያ መድረስ አለባቸው። የበግና የፍየል ክትባት ቅዝቃዜው ሳይለቀው መንደር መግባት አለበት። በማሳ ላይ ተምች ወይም አንበጣ ሲታይ ባለሙያው ዘግይቶ ቢደርስ ሰብሉ አይጠብቀውም። ይህ ሁሉ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በወረዳው ግቢ በቆመው፣ ዕድሜው ሃያና ሠላሳ ዓመት በተሻገረ ላንድክሩዘር ወይም ፒካፕ ላይ ነው። መኪናው ከተነሳ ሥራው ይነሳል፤ መኪናው ከቆመ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት የሚለው ሐሳብ ቀርቦ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ዘመኑ አይፈቅደውም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ትግራይን ብዙ ተሽከርካሪ አሳጥቷታል። የተረፉትም ነዳጅና መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ቆመው ከርመዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መንገድ ቢከፈትም ሌላ ወጪ ተከተለ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር ጋር ተፎካከረ፤ ከዚያም አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ኩሽኔታም ሆነ ፊልትሮ የሚገዛው በዚሁ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለውን መኪና በራሳችን እጅ ጠብቀን ማቆየት የቁጠባ ምክር ብቻ አይደለም፤ የመኸሩ ሥራ የቆመበት ጉዳይ ነው።

መልካሙ ነገር እነዚህ መኪኖች ለጥገና የሚመቹ መሆናቸው ነው። ባለ 70 ተከታታይ የሚባለው ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መሠረታዊ ቅርጹን ሳይለቅ ሲመረት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የተገጠመለት ባለስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ የግሪስ ፓምፕና ትዕግሥት ያለው ሾፌር አብዛኛውን የጥንቃቄ ሥራ በግቢው ውስጥ ሊፈጽም ይችላል።

ከሓወልቲ ሦስት መንገድ

መኪና የሚደክመው በመንገዱ ልክ ነው። ከመቐለ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ የተነሳ አንድ የመስክ መኪና ሦስት ጠባይ ያለው መንገድ ይጠብቀዋል። ወደ ምሥራቅ በኲሓ በኩል ወደ ዓብዓላ ከወረደ በአጭር ጉዞ ከደጋ አየር ወደ አፋር ሙቀት ይገባል። ወደ ደቡብ ከሄደ በዓዲ ጉዶም አድርጎ የአላጀን ተራራ ይወጣል፣ ማይጨውንና ኮረምን ያልፋል፣ ከዚያም በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አላማጣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል። ወደ ምዕራብ ወደ ተምቤን ከታጠፈ ደግሞ አቧራ፣ ኮረትና ወንዝ ይጠብቁታል።

መቐለ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ውሃም በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። እነዚህ ሁለት ነገሮች የመኪናውን ጤና በብዙ ይወስናሉ። አየሩ ሲሳሳ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ጉዳቱ ይበዛል። ውሃ ቶሎ ሲፈላ ደግሞ የራዲያተር ክዳን የላላበት መኪና ዳገት ላይ ይጨሳል።

ቆሞ የከረመ መኪና ሲነሳ

ለወራት ወይም ለዓመታት ቆሞ የነበረን መኪና ባትሪ ገጥሞ በአንድ ጊዜ ለማስነሳት መሞከር ትልቅ ጥፋት ያስከትላል። ዘይቱ ከሞተሩ ግድግዳ ላይ ወርዷል፤ በነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ውሃና ዝገት ተጠራቅሟል፤ የፍሬን ሲሊንደሮች ሊጣበቁ ይችላሉ፤ አይጥም ሽቦ ቆርጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል ይሁን።

በመጀመሪያ ኮፈኑ ተከፍቶ የአይጥ ጎጆ፣ የተበላ ሽቦ፣ የደረቀና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ይፈተሽ። የነዳጅ ታንከሩ ከሥር ባለው ብሎን በኩል ይራገፍ፣ ይታጠብ፣ አዲስ ናፍታ ይሞላ፤ የናፍታ ፊልትሮውም ይቀየር። የሞተር ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጥ። ከዚያ በፊት ለፊት ባለው ትልቁ ፑሊ ላይ መፍቻ አስገብቶ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ያስፈልጋል። በነፃነት ከዞረ መልካም ነው፤ እንቢ ካለ በጉልበት ማስገደድ አይገባም፤ ባለሙያ ይጠራ።

ቀጥሎ ናፍታ የሚያቋርጠው ሶሌኖይድ ሽቦው ተነቅሎ ሞተሩ ሳይነሳ ለጥቂት ሰከንድ በሞተሪኖ ይዙር፤ የዘይት ግፊት መብራት ሲጠፋ ዘይቱ ከላይ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሽቦው ተመልሶ በመደበኛው መንገድ ይነሳ። መኪናው ቢነሳም ገና መንገድ አይውጣ። ፍሬኑ በግቢ ውስጥ ተሞክሮ፣ የጎማው ጎን መሰንጠቁ ታይቶ ነው የሚወጣው። ጥርሱ ያልበላ ጎማ ዕድሜው ከገፋ ከጎኑ ይሰነጠቃል፤ በሙቀት ላይም ሊፈነዳ ይችላል።

በየማለዳው አሥር ደቂቃ

ሾፌሩ ቁልፍ ከመክፈቱ በፊት የሚያደርገው ፍተሻ ከማንኛውም ጋራዥ ይበልጣል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መለኪያው ይታይ፤ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የራዲያተር ውሃ በመጠባበቂያው ዕቃ ላይ ይታይ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት መጠን ይፈተሽ፤ በድንገት ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቺንጋው መሰንጠቁና መላላቱ በጣት ይታወቃል። የጎማ ዳዶዎች፣ የባትሪ ጫፎችና የባሌስትራ ቅጠሎች በዓይን ይታዩ። በመጨረሻም ሌሊቱን ከሥሩ የጠበጠበ ነገር እንዳለ መሬቱ ይመርመር። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት፣ ወፍራምና ቅርናት ያለው ከሆነ የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት፣ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀጭን ዘይት ከታየ ደግሞ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ከታየ መኪናው አይንቀሳቀስ።

አየርና ናፍታ

የናፍታ ሞተር ሁለት ጠላት አለው፤ አቧራና ውሃ። በበጋ በጠጠር መንገድ ሌላ መኪና ተከትሎ የሚሄድ መኪና ብዙ አቧራ ይስባል። ከአየር ፊልትሮው ሥር ያለው የአቧራ መሰብሰቢያ በመስክ ሥራ ወቅት በየቀኑ ይራገፍ። ፊልትሮው በአየር ሲጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት ይነፋ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት አቧራውን ወደ ወረቀቱ ያስገባዋል። ከጸዳ በኋላ በውስጡ አምፖል አስገብቶ በጨለማ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ብርሃን በነጥብ ከወጣ ወረቀቱ ተቀዷል፣ ይጣል። በፊልትሮውና በሞተሩ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ ቀለበት ከላላም ፊልትሮው ምንም ያህል አዲስ ቢሆን አይጠቅምም።

ናፍታ በበርሜልና በጀሪካን የሚመጣበት ወረዳ ደግሞ ለውሃ ይጠንቀቅ። በርሜሉ ሌሊቱን ሳይነቃነቅ ይደር፤ ጠዋት ከላይ ይቀዳ፤ ከሥር የቀረው አይሞላ። ማታ ታንከሩን ሞልቶ ማሳደር በቅዝቃዜው ሰዓት ውስጡ የሚፈጠረውን ጤዛ ይቀንሳል። ከናፍታ ፊልትሮው ሥር ያለው የውሃ ማውጫ በሳምንት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ ይፍሰስ። ፊልትሮ ሲቀየር የገባው አየር በላዩ ባለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ በመምታት ይወጣል። ይህን ሳያደርጉ በሞተሪኖ ብቻ ማስነሳት ባትሪ ይገድላል።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍታ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት መብላቱን ያሳያል። በቀዝቃዛ ማለዳ የሚታይና ወዲያው የሚጠፋ ነጭ ጭስ ብዙ ጊዜ የካንዴሌታ ድካም ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋና ውሃ የሚያስጨርስ ነጭ ጭስ ግን የቴስታታ ጓርኒሽን መቃጠልን ሊያመለክት ይችላል፤ ባለሙያ ይየው። በካንዴሌታ በሚሠራ ሞተር ላይ ኤተር መርጨት ፍንዳታ ያስከትላልና ፈጽሞ አይሞከር።

የኖራ ድንጋይ ውሃና የራዲያተር ነገር

በመቐለና በእንደርታ ዙሪያ ያለው የጉድጓድ ውሃ በሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ጠንካራ ነው። የቤት እመቤቶች ይህን በሻይ ጀበና ውስጥ ከሚቀረው ነጭ ቅርፊት ያውቁታል። ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ ለራዲያተር የሚሻለው የተጣራ ውሃ ነው፤ ካልተገኘ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከቧንቧና ከጉድጓድ ውሃ ይመረጣል። ከማቀዝቀዣ ፈሳሹ ጋር እኩል ለእኩል ሲደባለቅ ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍያውንም ደረጃ ከፍ ያደርጋል።

የራዲያተር ክዳንም ቀላል ዕቃ አይደለም። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው ውሃው በ93 ዲግሪ የማይፈላው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ያ ጥቅም ይቀራል። በዳገት ላይ ሞተሩ ከሞቀ ማርሹን ቀንሶ ፍጥነትን ማረጋጋት፣ ካልሆነም ቆሞ ሞተሩን በዝግታ እያስሠሩ ማብረድ ይገባል። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መሙላትም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

በየቦታው የሚታይ አንድ ልማድ አለ፤ መኪናው ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ይህ በሽታውን ይደብቃል እንጂ አያድንም። ሞተሩ ሁልጊዜ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ናፍታ ይበዛበታል፣ ቶሎም ይበላል። የተዘጋ ራዲያተር ይታጠብ፣ የደከመ የውሃ ፖምፓ ይቀየር፤ ቴርሞስታቱ ግን በቦታው ይኑር።

የግራ ካሕሱ ፈተና

ሞተር የቆመበት መኪና ሥራ ያስተጓጉላል፤ ፍሬን የጠፋበት መኪና ግን ሰው ይገድላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት በረዥም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አይጠቀሙ፤ በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት መጨመር የውስጡን ጎማ ስለሚያሳብጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የፍሬን ሸራ ውፍረት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይታይ። ሸራው የፈጠረውን አቧራ በአየር ከመንፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና።

ቁልቁለት ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ። ማርሽ አውጥቶ ናፍታ ለመቆጠብ መንሸራተት የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ከአቅም በላይ መጫንም እንዲሁ ነው። ማዳበሪያ በኩንታል ስለሚቆጠር የጭነቱን ክብደት ማስላት ቀላል ነው፤ ከመኪናው ሰሌዳ ላይ ካለው የጭነት ልክ ጋር አስተያይቶ መጫን ይገባል።

ከሥር ያለው ሥራ

ሁለት ዲፈረንሻል ያለው መኪና ከሥሩ ብዙ ግሪስ ይፈልጋል። የክሮቼራ፣ የትራንስሚሽንና የባሌስትራ ግሪስ ማስገቢያዎች በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በክረምት ደግሞ ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ግሪስ ይግባባቸው። አዲሱ ግሪስ አሮጌውንና ውሃውን ገፍቶ እስኪያወጣ ድረስ ይገፋ። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሻል ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ወዲያው ይለወጥ፤ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ መደፈኑም ይታይ።

የፊት ጎማ በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። በፊት ጎማው ጀርባ ያለው ክብ አካል በዘይት ከራሰ የውስጡ የዘይት ሲል ሞቷል፤ የዲፈረንሻል ዘይትና ግሪሱ ተደባልቀዋል ማለት ነው። ይህ ቀድሞ ከታየ ርካሽ ጥገና ነው፤ ከቆየ ግን መገጣጠሚያውን ይበላል። የፊት ዲፈረንሻሉ በወር አንድ ጊዜ በአፈር መንገድ ላይ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይሥራ፤ ካልሆነ ማንሻው ይደርቃል። በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት ግን ማርሾቹን ይሰብራል።

ከመኪና ሥር ከመግባት በፊት ጎማው በድንጋይ ይታገድ፤ መኪናው በብረት መቆሚያ ወይም በጠንካራ የእንጨት ግንድ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ ተይዞ ባለ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ማዳበሪያ ያራገፈ መኪና በዚያው ቀን በውሃ ይታጠብ። የዩሪያና የኤን.ፒ.ኤስ. ዱቄት እርጥበት ስቦ ብረት ይበላል፤ የጭነት ወለሉና የሻንሲው ዝገት ከዚያ ይጀምራል።

ለጋራዥ የሚተው

ሁሉንም በራስ እሠራለሁ ማለትም ያከስራል። የናፍታ ፖምፓ መለካት፣ የኢንጀክተር ግፊት ማስተካከል፣ ቴስታታ መክፈት፣ የፍሬን ዋና ሲሊንደር መጠገንና የመሪ ሳጥን መፍታት የሠለጠነ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጋሉ። ታይሚንግ ቺንጋም እንዲሁ ነው። በዚህ ሞተር ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ በሙሉ ይበላሻል። መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቺንጋ አልተቀየረም ተብሎ ይቆጠር።

የወረዳው ድርሻ

መኪናውን የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩ ሲዛወር ግን ዕውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚያስቀረው አንድ መዝገብ ነው። በየመኪናው ኪሎ ሜትር፣ ቀን፣ የተቀየረ ዕቃና የሠራው ሰው ይጻፍ። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ የናፍታ ፊልትሮ በየ10,000ው መቀየሩን ኃላፊው ከነዳጅ ፊርማ ጋር አብሮ ይጠይቅ። ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለግሪስ የሚሆነው ገንዘብ በጀት ዓመቱ ሲጀመር ለብቻው ይያዝ። መኪናው ከቆመ በኋላ የሚጠየቅ በጀት ከዝናቡ ቀድሞ አይደርስም።

በግቢው ሁለት ወይም ሦስት አንድ ዓይነት መኪናዎች ካሉ ከወደቀው አንዱ ዕቃ እየፈቱ ሌላውን ማዳን የተለመደ ነው። ሥርዓት ካለው ጥሩ ነው፤ የተፈታው ሁሉ በመዝገብ ይግባ፤ ክፍት የቀረው ቱቦና ቀዳዳም በጨርቅ ይታሰር። ካለበለዚያ አንድ የታመመ መኪና የነበረው ግቢ በዓመቱ ሦስት ሬሳ ይኖረዋል።

የመኪና መድረስና አለመድረስ ምን ያህል እንደሚያጎድልና እንደሚያተርፍ የከብት ሐኪሞች ታሪክ ይመሰክራል። የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአፋር የመጨረሻ ምሽጉን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተዘጋጅቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች መኪና በማይገባበት ሁሉ በእግራቸው አደረሱት። በአገራችን የመጨረሻው የበሽታው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ በወረዳዎች የሚሰጡት አብዛኞቹ ክትባቶች ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። በእግር የአንድ ቀን መንገድ ለእነሱ ረዥም ነው፤ በመንገድ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ሙሉ ሳጥን ክትባት ያስጥላል።

ለአርሶ አደሩም

ይህ ሁሉ የወረዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመስኖ ላይ ያለ አርሶ አደር የናፍታ ውሃ ፓምፑን፣ በማኅበር የተደራጀውም ትራክተሩን በዚሁ ሕግ ይጠብቃል፤ ንጹሕ አየር፣ ውሃ የሌለበት ናፍታ፣ በጊዜው የተቀየረ ዘይት። የአንድ ፓምፕ አየር ፊልትሮ በሳምንት አንዴ ማጽዳት ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ቀን ሞተሩ እንዳይከዳ ያደርጋል።

የተቃጠለ ዘይት ግን በማሳና በጉድጓድ አጠገብ አይደፋ። ጥቂቱ ብዙ ውሃ ያበላሻል፤ አፈሩንም ይመርዛል። በጀሪካን ተጠራቅሞ ወደ ከተማ ጋራዥ ይመለስ።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። የሰኔ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ባሉት ሳምንታት እያንዳንዱ ወረዳ መኪናዎቹን አንድ በአንድ ግቢ አቁሞ ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ ፍሬኑንና ጎማውን ይይ። የጎደለውን አሁን ይግዛ። ማዳበሪያው በመጋዘን፣ ክትባቱ በማቀዝቀዣ ሞልቶ ሳለ አርሶ አደሩ በመኪና ብልሽት ምክንያት እንዳይጠብቅ ማድረግ በእጃችን ያለ ሥራ ነው።